ጎማው ምንም አልሆነም ነበር

ሸፊቃ አገር ቤት እያለች ሀበሻ ነኝ ብላ አታውቅም። የወራቤ ልጅ ናት፤ ማነሽ ሲሏት ስልጤ ነኝ ነበር የምትለው። ሀበሻ የሆነችው እንደ ሁላችንም እዚህ ጆበርግ መጥታ ነው። እዚህ ሀዲያውም፣ ከምባታውም፣ የአዲስ አበባው ልጅም አንድ ላይ ሀበሻ ነው። ፖሊስ ሲመጣ "ሀበሻ፣ ዝጉ!" ይባላል። ሰው ሲሞትም "ሀበሻ ነው" ከተባለ ዘሩ ሳይጠየቅ ሁሉም ሱቁን ዘግቶ ለቀብር ይወጣል። ይሄን ቀድሜ የተናገርኩት የሸፊቃ ነገር በዚህ ስም ጀምሮ በዚህ ስም ስለተበላሸ ነው።

ሸፊቃ ጂፒ ጎዳና ላይ ባለው ፎቅ፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ መጋረጃ ትሰፋለች። እኔ ከጎኗ የአልጋ ልብስ እሸጣለሁ። ከፊት ለፊታችን ሽጉጤ አለ፣ ብርድ ልብስ ነው የሚሸጠው፤ አፉ አያርፍም። የሸፊቃ አሠራር ከሌላ ሰፊ ይለያል። ደንበኛ ሲመጣ ቶሎ ብላ ሜትር አታነሳም። "ከመስኮቱ ውጪ ምን ይታያል?" ነው የምትለው። ግድግዳ ነው ካሏት አንድ ጨርቅ ታወጣለች፣ ዛፍ ነው ካሏት ሌላ። መንገድ ነው ካሏት "ሰው ያያችኋል ወይስ እናንተ ሰው ታያላችሁ?" ትላለች። ዙሉዎቹ እናቶች ይስቁባታል፣ ግን ተመልሰው ይመጣሉ።

ባሏን ያገኘችው በዚሁ ነው። ኢምቲያዝ ፓኪስታናዊ ነው፤ ጀርሚስተን ውስጥ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። አንድ ቀን መጋረጃ ሊገዛ መጣ። ከመስኮትህ ውጪ ምን ይታያል ብትለው "ግድግዳ" አላት። ከዚያ ፊቷን አየት አደረገና "ሀበሺ?" አላት።

"የስ! ሀበሻ!" አለችው፣ ሜትሩን ጥላ።

እዚህ አገር ሰው ሲያየን ሶማሌ ናችሁ ይላል፣ ናይጄሪያ ናችሁ ይላል። ሲብስበት ክዌሬክዌሬ ነው፤ መጤ ለማለት የሚሰድቡን ስድብ ነው። በስማችን የጠራን የውጭ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። የዚያን ቀን ማታ "ድንቅዬ፣ ማን እንደሆንን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ" አለችኝ። በዓመቱ ሜይፌር መስጊድ ኒካ አሰሩ። ሀፍሳ ተወለደች። ሀፍሳ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር አማርኛ፣ ከአባቷ ጋር ኡርዱ፣ ከራሷ ጋር እንግሊዝኛ ነው የምታወራው።

ኮሮና ሲመጣ የሁላችንም ነገር ተመሰቃቀለ። ሱቁ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ትምህርት ቤት አንድ ቀን መግባት አንድ ቀን መቅረት ሆነ፤ በቀረችበት ቀን ሀፍሳ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ከዚያ በፈረንጆቹ 2021 ሐምሌ ደግሞ የሱቅ ዘረፋው መጣ። የኢምቲያዝን ሱቅ ሊሰብሩ ሲመጡ ሸፊቃ እዚያው ነበረች። እሱን ክዌሬክዌሬ፣ ውጣ ሲሉት በሩ ላይ ቆማ "ኡባባ ዌንጋኔ ያሚ!" እያለች ጮኸች። የልጄ አባት ነው ማለቷ ነው። ከሰዎቹ መሀል አንዲት ሴት "ተዉዋት" አለች፣ አለፉ። ይሄን አስታውሱልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው አማቷ ከፓኪስታን፣ ከራዋልፒንዲ መደወል ያበዛችው። ሀፍሳን ለኔ ተዉልኝ፣ አለች። እዚህ ቤቴ አጠገብ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ፣ በየቀኑ ነው የሚገቡት፣ ሱቅ የሚሰብር የለም፣ ነገሩ እስኪረጋጋ። ኢምቲያዝ እሺ ብሏል። ሸፊቃ ግን እሺም እምቢም አላለችም። የራሷን እናት ካየች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ልጅ ከእናት ተለይቶ ሲያድግ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በሌላ በኩል ደግሞ ያ የሱቅ በር አለ። "ሄጄ ልየው" አለች። "ካየሁ በኋላ ልቤ የሚለውን አደርጋለሁ።"

ሦስቱም ተነስተው ሄዱ። አማቷ ብልህ ሴት ናት። እንግዳ ሲመጣ ቤት አስቀምጦ ከመለመን ዞር ዞር ማድረግ ይሻላል ብላ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው የስድስት ቀን ጉዞ አዘጋጀች። ቫን ተከራዩ። የኢምቲያዝ ታናሽ ወንድም ታሪቅ ይነዳል፣ ኢምቲያዝ ከጎኑ፣ አማቷ መሀል፣ ሸፊቃና ሀፍሳ ከኋላ።

ሸፊቃ መንገድ አዲሷ አይደለም። ከሞያሌ እዚህ ድረስ በየብስ ነው የመጣችው፤ ታንዛኒያን ያለፈችው በጭነት መኪና ሸራ ስር ተኝታ ነው። ስለዚህ ቫኑ የቆመ ቁጥር ፖሊስ የያዛቸው ይመስላት ነበር።

"ምን ሆነን ነው የቆምነው?" ትላለች።

"ለማየት" ይሏታል።

"ምኑን?"

"ወንዙን!"

ይሄን በቮይስ ስትነግረን ሽጉጤ በሳቅ መሬት ላይ ሊወድቅ ደረሰ። "ወይ ጉድ፣ እኛ ወንዝ ስናይ አሻግሩን ብለን ነው የምንለምነው፣ እነሱ ቆመው ያዩታል!"

በየቀኑ ቮይስ ትልክልን ነበር። ገበያ ስላልነበረ ስልኬን ጨርቁ ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ እናደርገዋለን፣ ማስካችንን አገጫችን ስር አውርደን ዙሪያውን ቆመን እንሰማለን። የመጀመሪያው ገና ሳይነሱ የላከችው ነው። ታሪቅ ከጣፋጭ ቤት ጥቁር ሐልዋ ገዝቶ ሰጣት። "ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሀበሺ ሐልዋ! በስማችን የተሠራ ጣፋጭ አላቸው! ሲሰጠኝ ሁሉም በደስታ ሳቁ።" ፎቶም ላከች። ሽጉጤ ወዲያው "ሁለት ኪሎ አምጪልኝ፣ ለኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሳያለሁ" ብሎ መለሰላት። እኔም አንድ ኪሎ አዘዝኩ።

ሁለተኛው ከናራን ነው። ወንዙ አረንጓዴ ነው፣ ድንጋዩን ሲመታው ነጭ ይሆናል አለች። ከሆቴሉ መስኮት በረዶ ያለበት ተራራ ይታያል። "ድንቅዬ፣ እዚህ መጋረጃ የሚሰቅል ሰው እብድ ነው።"

ሦስተኛው ባቡሳር ከሚባለው የተራራ ጫፍ ላይ ነው። ነፋሱ ድምጿን ሊወስደው ይታገላል። "ከደመና በላይ ነን! ከላሆር ለሽርሽር የመጣ ሰው ሁሉ ከኔና ከሀፍሳ ጋር ፎቶ ልነሳ ይላል! ሀበሺ ሀበሺ ይሉናል! ጆበርግ ስማችንን ማን ያውቃል? እዚህ ደመና ላይ ያውቁናል!" ከጀርባዋ የወጣቶች ሳቅ ይሰማል። የሀፍሳ ድምፅም "የስ! ሀበሻ!" ሲል ይሰማል፣ ልክ እናቷ እንዳስተማረቻት። ፎቃችን ላይ ጭብጨባ ሆነ። እኔ ራሴ አጨበጨብኩ። ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

"ኢምቲያዝስ የታለ?" ብዬ ጽፌላት ነበር።

"ጎማ እያየ ነው" ብላ መለሰች። "መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ በቆምን ቁጥር ወርዶ ጎማ ያያል። ጠንቃቃ ነው።"

ከባቡሳር ወርደው ቺላስ አካባቢ፣ ከትልቁ ወንዝ ዳር ሻይ ሊጠጡ ቆሙ። ሻይ ቤቱ የአንድ ሽማግሌ ነው። ከየት ናት ብለው ኢምቲያዝን ጠየቁት። "ከአፍሪካ" አለ። እሷ ከኋላ "ሀበሻ!" አለች። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ተነሱ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ቢላል! ሀዝረት ቢላል ሀበሺ!" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለነቢዩ አዛን ይል የነበረው የቢላል አገር ሰው ሻዬን ጠጣ ብለው ሒሳብ እምቢ አሉ። ሸፊቃ ይሄንንም በቮይስ ነገረችን። "ልጄን እዚህ ብተዋት ስሟን የሚያከብር አገር ነው" አለች። መተው እንደምትችል የተናገረችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ በሆዴ ሀፍሳን ተሰናበትኳት።

ራካፖሺ የሚባል ተራራ ፊት ለፊት ቆመው ምሳ በሉ። ሁንዛ ገብተው የድሮ ምሽግ አዩ፣ ፖም ከዛፍ ቀጥፈው በሉ። ከዚያ ዝም አለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ምናልባት ኔትወርክ የለም አልን። ሽጉጤ "ሐልዋዬን እየበላችው ነው" አለ።

በሳምንቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሸፊቃ መጣች። ሀፍሳን በእጇ ይዛለች። ሀፍሳ ትመለሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኢምቲያዝ የለም።

ሽጉጤ ምኑም ሳይገባው "ሸፊ! እንኳን ደህና መጣሽ! የሀበሻ ጣፋጫችንስ?" አላት።

"ሽጉጤ፣ ሁለተኛ ያንን ስም ብትጠራልኝ በዚህ መቀስ ነው የምቆርጥህ" አለችው። እየቀለደች አልነበረም። ከዚያ የጨርቁ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ነገረችን።

አማቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሀፍሳን ፊት ክሬም ትቀባት ነበር። ሸፊቃ ለተራራው ፀሐይ ነው ብላ አመስግናታለች። እንዲያውም "ለኔም ቀቢኝ" ብላት ሴትየዋ "ላንቺ አይጠቅምም" ብላ ሳቀች። ለካ ለፀሐይ አልነበረም።

አታባድ የሚባል ሐይቅ ደረሱ። ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ድሮ ሐይቅ አልነበረም፤ ተራራ ተንዶ ወንዙን ዘጋውና ሰፈር ሰጠመ። አሁን ሰው በጀልባ በላዩ ይዝናናል። ሸፊቃ ሀፍሳን "ነይ፣ ያንን ነጭ ነገር ጥረጊና ፎቶ እንነሳ" አለቻት።

"አይሆንም ማሚ። ዳዲ አትንኪው ብላኛለች።" ዳዲ የሚሉት የአባትን እናት ነው።

"ለምን?"

"ሀበሺነቱ አይለቅማ።"

"ምኑ ነው የማይለቀው?"

"ሀበሺነቱ። ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት መልቀቅ አለበት። አለዚያ ልጆቹ እንደ ባቡሳር ሰዎች ይስቁብኛል ብላለች። ማሚ፣ ባቡሳር ላይ ሲስቁ እኮ ስለወደዱን አይደለም። አንዱ ልጅ ‘የጠቆረው ድስት ከነቂጡ መጣ’ ነው ያለው። አባዬም ሰምቷል።"

ሰባት ዓመቷ ነው። ኡርዱ ትሰማለች፣ እናቷ አትሰማም። እናቷ ደስ ብሏት ስታይ ደስታዋን ላለማበላሸት አራት ቀን ሙሉ ከጎኗ ቆማ "የስ! ሀበሻ!" ስትል ነበር። ይሄን ስሰማ ተነስቼ ወደ መታጠቢያው ሄድኩ፤ ፊቴን ሳልታጠብ ተመለስኩ።

ሸፊቃ ባሏን ጠራችው። ሐይቁ ዳር፣ ሰው ሁሉ እያየ።

"ሀበሺ ምን ማለት ነው?"

"ታውቂያለሽ እኮ" አላት።

"እኔ የማውቀውን አይደለም። እናትህ የምታውቀውን ንገረኝ።"

"ጥቁር ሰው ማለት ነው። ተራ ሰው ለቀልድ ይለዋል። አትስሚያቸው፣ ያልተማሩ ናቸው።"

"አንተ ተምረህ የለ? ባቡሳር ላይ የት ነበርክ? ሳንነሳ ቤት እያለንስ? ወንድምህ ያንን ጥቁር ሐልዋ ሲሰጠኝና ሁሉም ሲስቁ የት ነበርክ? እኔ ጀርሚስተን በር ላይ ክዌሬክዌሬ ሲሉህ ጎማ ልይ ብዬ ሄድኩ? የልጄ አባት ነው አላልኩም? እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ። መጋረጃ ልትገዛ የመጣህ ቀን፣ ‘ሀበሺ?’ ስትለኝ የትኛው ነበር? የሽማግሌው ነው፣ ወይስ የባቡሳሮቹ?"

ኢምቲያዝ ሐይቁን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

"ጎማውን ልይ፣ መጣሁ" አለ።

ሽጉጤ እንኳ አልሳቀም።

"ድንቅዬ፣ ተከትዬው ሄጄ እኔም አየሁት" አለችኝ ሸፊቃ። "አራቱንም ዞሬ ረገጥኳቸው። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም አልሆነም። ሰው ሀበሺ ሲለን ወርዶ የሚደበቅበት ነው።"

እኔ ይሄ ነው የማይበርድልኝ። ያቺን ክሬም የቀባች ሴት ክፉ ናት አልልም፣ አላዋቂ ናት። በደመናው ላይ የሳቁትም መንገደኛ ናቸው፣ ስቀው ይሄዳሉ። እሱ ግን ሁለቱንም ትርጉም ያውቃል። የሽማግሌውንም እንባ አይቷል። አንዲት ቃል ነበር የሚጠበቅበት፣ "ተው" ማለት። ይሄን አንዲት ቃል ያጣ ሰው ሚስቱ ከደስታዋ ብዛት ከዘላፊዎቿ ጋር ፎቶ ስትነሳ ጎማ ያያል!

የመልሱ መንገድ ሁለት ቀን ነው። ሸፊቃ ወንዝ አላየችም፣ ተራራ አላየችም። ሲቆሙ አልወረደችም። ራዋልፒንዲ ሲደርሱ የሀፍሳን ሻንጣ ዘጋች። አማቷ አለቀሰች።

"እኔን ክፉ አደረግሽኝ" አለቻት፤ ሀፍሳ ናት የምታስተረጉመው። "ክፉዎቹ ልጆቹ ናቸው። እንዳይሰድቧት ብዬ ነው።"

"እንግዲያው ክሬሙን ለነሱ ምላስ ቀቢላቸው" አለች ሸፊቃ።

ሀፍሳ ይሄን አስተረጎመች ወይስ አላስተረጎመችም አላውቅም። የኮሮና ምርመራቸውን አድርገው ሁለቱ ብቻ ተሳፈሩ።

ኢምቲያዝ በሁለት ሳምንቱ መጣ። እኛ ፎቅ ላይ ሲወጣ ሀፍሳ ትምህርት የማትገባበት ቀን ነበር፣ ጥቅሉ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች። ሸፊቃ ለሆቴል ብርሃን የማያስገባ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ እየሰፋች ነበር። ቀና አላለችም።

"ኢምቲ፣ ጎማህ እንዴት ነው?" አለው ሽጉጤ።

አማርኛ ትንሽ ይሰማል። አንገቱን ደፋ። ሸፊቃ አጠገብ ሄዶ በራሱ አማርኛ "ይቅርታ" አላት።

"ለኔ አይደለም። እዚያ ተቀምጣለች።"

ሄዶ ሀፍሳ ፊት ተንበረከከ። ማስኩን አወረደ። ሀፍሳ እርሳሷን አላስቀመጠችም።

"አባዬ፣ ሀበሺ ምንድን ነው?" አለችው፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ መሰለኝ።

"የማሚ አገር ሰው። አንቺም ነሽ።"

"ታዲያ ለምን በክሬም ይለቃል?"

ኢምቲያዝ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ መውጫ የሚፈልግ ይመስል።

"እዚህ ጎማ የለም" አለች ሸፊቃ፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

ስልኩን አወጣ። እናቱ ጋ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው። በኡርዱ ነው፣ እኛ አንሰማም። ሀበሺ የምትለዋን ቃል ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ሀፍሳ እርሳሷን እያኘከች አስተረጎመችልን።

"‘ልጄ ሀበሺ ናት፣ እናቷም ሀበሺ ናት፣ ቢላልም ሀበሺ ነው’ ብሏታል። ዳዲ ደግሞ ‘ሰው ይስቃል’ አለች።"

ሴትየዋ ስትጮህ ይሰማል። እሱ አልጮኸም።

"‘የሳቀውን እኔ እመልስለታለሁ። ልጄ እዚህ ነው የምትማረው’ አላት። ስልኩን ዘጋችበት።"

የሸፊቃ መኪና ብቻ ይሰማል። እኔ ከጎኗ ስለሆንኩ አየሁ፤ ክሩ ካለቀ ቆይቷል፣ ጨርቁን በባዶ መርፌ እየወጋች ነበር። ከዚያ አቆመች።

"ይሄን ባቡሳር ላይ ነበር ማለት የነበረብህ" አለችው። "ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።"

"አውቃለሁ።"

"ሐይቁ ዳር የጠየቅኩህንም ገና አልመለስክም።"

"አውቃለሁ።"

ቀና ብላ አየችው። ይቅር አላለችውም፣ ፊቷን አውቀዋለሁ። ግን ሂድም አላለችው።

"ክር አቀብለኝ" አለችው።

መደርደሪያው ላይ እጁን ሰደደና ነጩን አነሳ።

"ጥቁሩን" አለችው።